ዘጠና ስምንት የማን ነው?

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አምቦ ውስጥ የታሪክ መምህር ነበርኩ። በዘጠና ዘጠኝ ከዱባይ የገባች አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ስለማይሠራ ምን ያህል እንደሮጠች የሚያውቅ የለም። የጎማ ማለቅ በዓይን ይታያል፤ የታይሚንግ ቺንጊያ የሚባለው የሞተሩ ጥርሳም የላስቲክ ቀበቶ ግን ከሽፋን ሥር ስለሆነ እስኪበጠስ ድረስ ምልክት አይሰጥም። የተበጠሰ ቀን ደግሞ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ደግነቱ የእኔዋ ሽፋን ላይ ቺንጊያው የተቀየረበትን ዓመት የምትናገር ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በእስክሪብቶ «98» ትላለች።

ለፈተና ቁጥጥር ወደ ባኮ ልሄድ ስል፣ ጠና ያሉት መካኒኬ «መምህር፣ መጀመሪያ ቺንጊያው ይቀየር» አሉኝ።

«ኦቦ፣ ገና ሁለት ዓመቱ እኮ ነው!» ብዬ ወረቀቷን አሳየኋቸው። ቁጥር ይዤ መከራከር እወዳለሁ።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «መኪናዋ አገር ውስጥ የገባችው መቼ ነው?» አሉ።

«በዘጠና ዘጠኝ።»

«ታዲያ በዘጠና ስምንት ማን ጻፈላት?»

ለካ ዘጠና ስምንቱ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ዘጠና መሆኑ ነው። ከፈረንጅ ዓመት ላይ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔው ነኝ።

ሽፋኑን ፈትተው ቺንጊያውን አወጡና አጠፍ ሲያደርጉት ጥርሱ መዳፋቸው ላይ ረገፈ። አንዷን ጥርስ አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይኼ ላስቲክ ጳጉሜን አያውቅም፣ መምህር» አሉኝ።