ከጦሳ ጀርባ የመጣ አባት

ስናገር ድምፄ ይቀንሳል። ሰዎች ድምፄ ሲቀንስ ሐሳቤን የለወጥኩ ይመስላቸዋል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የቡድን ሥራ ሲቀርብ የምጽፈው እኔ፣ ቆሞ የሚናገረው ሌላ ሰው ነበር።

በጂኦግራፊ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የሕፃናት ማቆያ ተቀጠርኩ። ማቆያውን የከፈቱት የወታደር ሚስቶች ናቸው። ባሎቻቸው ግዳጅ ላይ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራሉ። ጠዋት ልጆቻቸውን ለእኛ ሰጥተው በሰርቪስ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ያወለቁትን ሹራብ ዳገቱ ላይ እየለበሱ ይደርሳሉ።

እናቶቹ ተሰብስበው ያወጡት አንድ ደንብ አለ። ከእናትየው ውጭ ልጅ የሚወስድ ሰው ካለ፣ እሷ ራሷ አስቀድማ ይዛው ትመጣለች፤ ከፊታችን አቁማ «ለእሱ ስጡ» ትለናለች፤ እኛም ፊቱን እናያለን። ከዚያ ውጭ ልጅ አይሰጥም። ያለ ምክንያት አላወጡትም። ባል ሩቅ ሲሆን የባል ዘመድ «አባቱ ልኮኝ ነው» ብሎ ልጁን ወደ ገጠር ይዞ ሊሄድ ይችላል። አንዷ ላይ ይህ ደርሶባታል፤ ልጇን እስክታስመልስ ምን እንደሆነች ሁላቸውም አይተዋል።

ልጆቹ «አባቴ የት ነው?» ሲሉ እናቶቹ ተራራውን ያሳዩዋቸው ነበር። «ከጦሳ ጀርባ ነው።» ስለዚህ በእኛ ግቢ የሁሉም አባት ከጦሳ ጀርባ ነበር። ስለ አቅጣጫ የተማርኩት እኔ አላረምኳቸውም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ጉሙ ተራራውን ሸፍኖ ቁልቁል እየወረደ ሳለ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ኃላፊያችን ለለቅሶ ኩታበር ሄዳ ስለነበር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጃኬት የለበሰ፣ ሻንጣ በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው ቆሟል።

«ልጄን ልወስድ ነው» አለና የልጅቷን ስም ነገረኝ። አራት ዓመት የሆናት፣ ጫማዋን ሁልጊዜ ግራና ቀኙን ቀይራ የምታደርግ ልጅ ናት። አባቷ የሄደው ገና በዳዴ ስትሄድ እንደነበር እናትየው ነግራናለች።

የወታደር መታወቂያውን አሳየኝ። የልጅቷ አባት ስም ነው። እናቷ ጋር ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ፋብሪካው ሠራተኞች ስልክ ይዘው እንዲገቡ አይፈቅድም።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። «እናቷ እስክትመጣ ልሰጥዎት አልችልም።»

«መታወቂያዬን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። የአባቷን ስም ያሳያል። እናቷ ለማን ስጡ እንዳለች ግን አያሳይም።»

«ፈቃዴ ሁለት ሌሊት ነው፣ እህቴ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ተመላሽ ነኝ። ይቺን ከሰዓት እንኳ ከልጄ ጋር ልሁን።»

«ገብቶኛል፤ ግን አልችልም» አልኩ። ድምፄ ቀነሰ።

«እርስዎ፣ እርስዎ እያልሽ ነው የምትከለክይኝ? አንተ በይኝና ልጄን ስጪኝ።»

ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ሰምተው መንገዱን ተሻገሩ። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲታሰር ዋስ የሚሆኑት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

«ምነው የኔ ልጅ? ወላሂ አባት በልጁ በር ላይ ሲቆም አላየሁም። እኔ ዋስ ነኝ፤ ክፈቺለት።»

«አባባ፣ ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ግን ፊቱን እዪው፤ ቁርጥ ልጅቷን አይደለም?»

እውነት ነው፤ ይመስላታል። «አጎቷም ሊመስላት ይችላል» አልኩ። «ለሰው ዋስ ይሆናሉ፣ አባባ። ሰውየው ቢጠፋ ገንዘቡን ይከፍሉለታል። ልጅቷ ብትጠፋ ለእናቷ ምን ይከፍሉላታል?»

ሽማግሌው ወደ ሰውየው ዞሩ። «ይቺ ልጅ ዓይን አፋር ናት ሲሉኝ አልነበር?» ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ሰውየው ግን አልሄደም። ደንቡን በልቤ ደግሜ አሰብኩት። ልጅ አይሰጥም ይላል እንጂ እናቷ እስክትመጣ ሰው አይቀመጥም አይልም። «ይግቡና በረንዳው ላይ ይቀመጡ» አልኩት። ሲገባ ከኋላው ቆልፌ ቁልፉን ሹራቤ ኪስ ከተትኩ። ስከተው አየኝ።

ልጅቷን ጠራኋት። «ይኼ ማነው?» አልኳት።

አየችው። «አላውቀውም።»

«አባትሽ ነኝ» አላት።

«አባቴ ከጦሳ ጀርባ ነው ያለው።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደነገርናቸው የገባው ይመስለኛል። «ወርጄ መጣሁ እኮ» አላት።

«ስትወርድ አላየሁህም።»

«ጉም ነበራ። ይኸው እዪው።»

ዞራ ተራራው የነበረበትን ቦታ አየች። ነጭ ብቻ ነው። «አልወደቅክም?»

«አንድ ጊዜ አዳልጦኛል።»

«የቱ ጋ?»

ጉልበቱን አሳያት። ጎንበስ ብላ ሱሪውን መረመረች። «ጭቃ የለውም።»

«አጥቤው ነዋ።»

ይህን ካሰበችበት በኋላ አጠገቡ ተቀመጠች። ቆይታ እግሯን ዘረጋችለት፤ ጫማዋን አውልቆ ግራና ቀኙን አስተካከለላት። እኔ ስነካው የምትጮህበት ጫማ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ጣቱን ይዛ እየጎተተች ወደ እኔ መጣች። «በሩን ክፈቺልን። ቤት እንሂድ።»

እሱ ቁልፉ ያለበትን ኪሴን ብቻ አየ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር። አባቷ መሆኑን በዚያን ሰዓት አልተጠራጠርኩም። ግን እናቶቹ ደንቡን ሲያወጡ እኔ ካልተጠራጠርኩ ደንቡ ይቅር አላሉም። ዛሬ ለዚህ ሰው ልቤ ስላመነ ብከፍት፣ ነገ ሌላው ሲመጣ የሚጠየቀው የእኔ ልብ እንጂ የእናትየው ቃል አይሆንም።

«እናትሽ ስትመጣ» አልኳት። አለቀሰች። አቅፎ ወደ በረንዳው መለሳት፤ ጀርባውንም ሰጠኝ።

ሰርቪሱ ሊመሽ ሲል ደረሰ። እናትየው በበሩ ፍርግርግ ውስጥ አየችውና ባለችበት ቆመች። በሩን ስከፍትላት ቀድማ ወደ እሱ ሄደች።

«ለምን አልደወልክም?»

«ላስገርምሽ ብዬ።»

«ይኸው ተገረምኩ። ብትደውል ኖሮ አስፈቅጄ እቀር ነበር።» በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።

«እሱን ለዚች ንገሪያት» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያሳየ። ልጅቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ደህና እደሪ አላለኝም። እናትየውም አላመሰገነችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ የልጅቷን ቦርሳ ብቻ ተቀበለችኝ።

በማግስቱ ልጅቷ አልመጣችም። ከእሱ ጋር እንደሆነች አውቃለሁ። ልጆቹን ምሳ ሳበላ፣ በረንዳው ላይ ስላለፈችው ከሰዓት አሰብኩ። ያችን ከሰዓት የሚመልስላቸው የለም። ያም ሆኖ በዚያ ቀን እንደገና ቢያንኳኳ የምለው ያንኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ሦስቱም ቆመዋል። እሱ የደንብ ልብሱን ለብሶ ሻንጣውን ይዟል። እናትየው ክንዱን ይዛ ከፊቴ አቆመችው።

«ልጄን ለእሱ ስጡ» አለች።

ግራ ገባኝ። «ዛሬ ማታ እርስዎ ነዎት የሚወስዷት?»

«ዛሬማ አልመጣም» አለ። «ፒያሳ መኪና እየጠበቀኝ ነው። መቼ እንደምመለስም አላውቅም። ስመለስ ግን በር ላይ መቆም አልፈልግም። በደንብ እዪኝ።»

የሰው ፊት ትኩር ብዬ አላይም፤ ብዙ ጊዜ የማየው አንገት ወይም ትከሻ ነው። የዚያን ቀን ግን አየሁት። ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ቆዳው በፀሐይ የተላጠበትን አፍንጫ፣ እንደ ልጅቷ ትንሽ ወጣ ያለውን ጆሮ አየሁ። እስክጨርስ ሳይንቀሳቀስ ቆመልኝ።

«አወቅሁዎት» አልኩ።

«አሁንም እርስዎ ነው?»

«ሲመለሱ አንተ እላለሁ።»

ፈገግ አለ። ልጅቷን ስሞ እጇን በእጄ አስያዘኝ። ጦሳ ያን ጠዋት እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። «ተራራውን ሲወጣ እናየዋለን» አለችኝ። በሩን ቆልፌ አብሬያት ቆምኩ።