ቫይድያሩ የተቀበሉት ቅጠል

ቻቱኩቲ ዘይት አብሳይ ነበር። በባህል ሐኪሙ በኒላካንዳን ቫይድያር የሕክምና ቤት ጓሮ፣ ከትልቁ የነሐስ ድስት ሥር እሳት ሲማግድ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ሽባው ተነስቶ ሲሄድ የቫይድያሩን እግር ይስማል እንጂ፣ ጓሮ ዞሮ ዘይቱን ማን አበሰለው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ቻቱኩቲ ቅር አይለውም። የሰሊጡ ዘይት ከሥራሥሩ ጋር ሲፈላ ውሎ መቼ እንደሚወርድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አተላውን ቆንጥሮ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መሃል ያንከባልለዋል። ከተለጠፈ ጥሬ ነው፤ ከተፈረፈረ አሯል፤ እንደ ጧፍ ክር ተጠቅልሎ ከቆመ ይወርዳል። ይህ በቃል የሚነገር ትምህርት አይደለም። አባቱ ጣቱን በጣቱ ላይ ጭኖ አስተማረው፤ እሱም ለሴት ልጁ ለሻይላጃ እንዲሁ ሊያወርሳት ቆርጦ ነበር። ሴት ልጅ ድስት ላይ ምን ትሠራለች ያሉትን ሁሉ፣ ዘይቱ ወንድና ሴት አይለይም ብሎ አፋቸውን አስይዟል።

ከዚያ ማማሰያው ከእጁ መውደቅ ጀመረ። ሚስቱ ናራያኒና ቫይድያሩ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ጡንቻውን በመርፌ እየወጉ መረመሩት። ውጤቱ ሲነገር እሱ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሙዝ ጥብስ ይበላ ነበር። ሁለቱ ሲወጡ፣ ነርቭህ ደክሟል፣ በእኛ ዘይት ይነሳል አሉት።

በወሬ ብቻ የሚታለል ሰው አይደለም። የቤቱን ወግ ያውቃል። ታማሚ ሕክምና ሳይጀምር አንድ ሩፒ በቤተል ቅጠል ጠቅልሎ ለቫይድያሩ ያቀርባል። የሚድን ከሆነ ይቀበሉታል፤ የማይድን ከሆነ ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ያጥፋሉ። ከአያታቸው ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቻቱኩቲ ስንቱን ሰው ቅጠሉን እንደያዘ ከዚያ በር ሲወጣ አይቷል። እሱም ተራው ደርሶ ቅጠሉን በሙዝ ቃጫ አሰረ፤ በዚያ በደከመ ጣት አንዲት ቋጠሮ ግማሽ ቀን ፈጀችበት፣ እሷም ጠማማ ወጣች። ቫይድያሩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ቻቱኩቲ ከደስታው ብዛት አለቀሰ።

በክረምቱ ወር ሃያ አንድ ቀን በሞቀ ዘይት ታሸ። ከዚያ ሕክምናው የፈጀውን ያህል ቀን ረፍት ነው፤ በረፍት ጊዜ እሳት መቅረብም በእጅ መሥራትም ክልክል ነው። ሁለተኛው ዙር ቀጠለ፣ ሦስተኛውም። ሻይላጃ በየመሃሉ እየመጣች፣ አንድ ቀን ብቻ ድስቱ ዘንድ አብረን እንቀመጥ እያለች ትለምነዋለች።

"ምን አስቸኮለሽ?" ይላታል። "በደህና እጄ ትማሪያለሽ።"

ቫይድያሩም ከበሩ ላይ ሆነው፣ ለመኸሩ በዓል ለኦናም አባትሽ ጋሼ ራሱ ድስቱን ያወርደዋል አሏት። ኦናም መጣ፤ ሄደ።

በሚቀጥለው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ናራያኒ የጸሎት መደርደሪያውን ስታነሳ አንድ የደረቀ ነገር ቻቱኩቲ እግር ሥር ወደቀ። ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፤ ቋጠሮዋ ግን ያችው ጠማማ ቋጠሮ ናት።

"ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?" አላት።

ናራያኒ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ተናገረች። ቫይድያሩ በዚያው ቀን በማድ ቤት በር መልሰውላት ነበር። ከማይድን ሰው የተቀበሉትን ቤታቸው ማሳደር ፈሩ። ሰውየውን መዋሸት አልፈሩም፤ ሩፒውን ማሳደር ፈሩ!

"ተስፋህን ልንነጥቅህ አልቻልንም፣ የሻይላጃ አባት" አለችው።

"ተስፋ ማን ለመናችሁ?" ምላሱም መተሳሰር ጀምሯል። "ያኔ ጣት ነበረኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጣት ነበረኝ፣ አስቀመጣችሁኝ።"

ያታለለው ጠላት ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር። አንዷ ሃያ ስድስት ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ ናት፤ አንዱ ደግሞ በልጅነታቸው እሱ ራሱ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሳቸው ቫይድያሩ ናቸው። ያን ዕለት ሻይላጃን ጠርቶ ጣቱን ጣቷ ላይ እንድታደርገው ነገራት። አደረገችው። ምን ያህል መጫን እንዳለባት ሊያሳያት ቢሞክር ጣቱ ዝም አለ።

በሳምንቱ ቫይድያሩ መጡ። ከሌላ አገር የቀጠሩት አብሳይ ሁለት ድስት አበላሽቶባቸዋል፤ ሦስተኛው እሳት ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሙያውን ከመጽሐፍ እንጂ በእጃቸው አያውቁትም። በሙዝ ቅጠል ትኩስ አተላ ይዘዋል። ዓይኑን ሳያዩ በጣቶቹ መሃል አደረጉለትና በራሳቸው እጅ ጫን አድርገው አንከባለሉት። በሽታው ጉልበቱን እንጂ ስሜቱን አልወሰደበትም። አተላው ተፈረፈረ።

"እንዴት ነው ጋሼ? ይተርፋል?"

ቻቱኩቲ ቀና ብሎ አያቸው። ደህና ነው ቢላቸው ያምኑታል፤ አውርደው በሽተኛ ያሹበታል። ምላሱን እንደምንም ሰበሰበ።

"አሯል፤ አይተርፍም" አላቸው። "ይኸው፣ እኔ እውነቱን ነገርኩዎት።"