ለሲስተር ያስተረጎምኩበት ክረምት

ከጎንደር ወደ አይከል በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች አንዲት የሚሲዮን ክሊኒክ በድሬሰርነት እሠራ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በአርማጭሆ በኩል ውጊያ አለ ስለሚባል በመንገዱ ላይ ከወታደር መኪና በቀር ብዙም አያልፍም። ፈረንጁ ሐኪምና ባለቤቱ ክረምቱ ሳይገባ ሻንጣቸውን ጭነው ሄደዋል። የቀሩት አንዲት ፈረንጅ ነርስ ብቻ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል፣ ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን።

«እርስዎ ለምን አልሄዱም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«በክረምት በሽተኛ ይበዛል» አሉኝ።

ክረምቱ ክፉ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን እንኳ በምልክት ነበር የምንነጋገረው። የሲስተር መጻሕፍት ሻገቱ። አልጋቸውን ከሚያፈስሰው ጣሪያ ሲያሸሹ ሲያሸሹ በመጨረሻ በሩ ሥር ደረሰ። ማገዶው እርጥብ ስለሆነ ጭሱ ያስለቅሳቸዋል፤ ካልሲያቸውን መርፌ ከምንቀቅልበት ምድጃ በላይ ያሰጣሉ። እኔ ስስቅ አብረውኝ ይስቃሉ። ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው። አማርኛ ሲናገሩ ግን ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔንም ሴቷን ጭምር። ሳርማቸው፣ «እግዚአብሔርን አንተ እያልኩ ሰውን እንዴት እርስዎ እላለሁ?» ይሉኛል።

እሑድ እሑድ ጥቂት የአካባቢው ሰዎች ወደ ክሊኒኩ ጸሎት ክፍል እየመጡ አብረዋቸው ይጸልዩ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ስለሆንኩ አልገባም። በዚያ ክረምት የገበሬ ማኅበሩ የውይይት ስብሰባውን በዚያው ሰዓት አደረገው። መጀመሪያ ወንዶቹ ቀሩ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ። አንድ እሑድ በመስኮት ሳይ፣ ሲስተር ከባዶ አግዳሚዎች ፊት ብቻቸውን ቆመው ይዘምራሉ። ሆዴ አልችል አለና ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዝናብ ነው ያስገባህ?» አሉኝ በአማርኛ።

«አዎ» አልኩ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ዘመዶቹ አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ጭኑ ቆስሏል። እናቱ «ከገደል ወድቆ ነው» አለች፤ ቁስሉ ግን የጥይት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ መጥቶ፣ በጥይት የቆሰለ ሰው ሳናሳውቀው እንዳናክም አስጠንቅቆን ነበርና ይህንኑ ለሲስተር አስታወስኳቸው።

«መጀመሪያ ውኃ ጣጂ» አሉኝ።

ጥይቱ በወዲያ በኩል ወጥቷል፣ አጥንቱም አልተሰበረም። አጥበን አሰርንለት። ቀትር ሳይሆን ዘመዶቹ ዝናቡን ተገን አድርገው ይዘውት ሄዱ። እናቱ «ሸጋ ያሰማዎ» ብላ የሲስተርን ጉልበት ሳመች።

ሳምንት ሳይሞላ ወታደሮች መጥተው ሁለታችንንም ጎንደር ወሰዱን። የጠየቀን መኮንን ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለሲስተር ወንበር ሰጣቸው፣ እኔን አቆመኝ።

«ቁስለኛው ማን እንደሆነና ወዴት እንደሄደ ጠይቂያት።»

በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው። ሲስተር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ያከምኩትን ሰው አሳልፌ አልሰጥም። ባውቅም አልናገርም» አሉ።

በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር የሰው ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ያድር ነበር።

«አያውቁትም» አልኩ። «ስሙንም አልጠየቁም። ከገደል ወደቀ ነው የተባሉት።»

መኮንኑ ራሱን ነቅንቆ ብዕሩን አነሳ። ያለቀ መስሎኝ እፎይ ልል ስል፣ ሲስተር በአማርኛ «የለም» አሉ። «እኔ አላውቅም አላልኩም። አልናገርም አልኩ። እሱ ፈርቶ ነው።» እሱ ያሉት እኔን ነበር።

መኮንኑ ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ያደረጉት ለሲስተር የገባቸው ያኔ ነው። ከወንበራቸው ተነሥተው «ልጁን ተው፣ ያከምኩ እኔ» እያሉ ለመኑት። አልሰማቸውም።

እሳቸውን ከአገር እንዲወጡ አዘዘ፤ እኔን ወደ እስር ቤት። ሲያወጡን በረንዳው ላይ እጄን ያዙኝ። «ውሸቱን ብቻ ነው ያየሁት» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «አንቺን አላየሁም።» እጄን ነጠቅኳቸው።

የሴቶቹ ክፍል ወለል ከታች ውኃ ያመነጫል። ጠቦናል፤ በጎን ተኝተን አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ምን አድርጌ እንደታሰርኩ ጠየቀችኝ።

«አስተረጎምኩ» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች።

እዚያ ተኝቼ ሲስተርን በልቤ «አንቺ» እያልኩ እሰድባቸው ነበር። ላንቺ እውነት ዋጋው በአውሮፕላን ወደ እናት አገርሽ መመለስ ነው፤ የኔ አገር ግን ይኸው ነው እላለሁ። ደግሞ ወዲያው እነዚያ ባዶ አግዳሚዎች ይመጡብኝና ስድቡ አፌ ውስጥ ይመርራል። ያንን ቁስለኛ ላለመስጠት እሳቸውም ብዙ ነገር እንደጣሉ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ያለ ምንም ማብራሪያ ተፈታሁ። አባቴ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቁኝ ነበር። በሚሲዮን መሥራቴን ስላልወደዱ ተኳርፈን ነበር የከረምነው። ወደ ቤት ስንሄድ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስለሷ ብለሽ ዋሸሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እሷ ደግሞ አልዋሽም አለች።»

«አዎ።»

አባቴ ሰው ሲናዘዝ ምን እንደሚሉ ሁልጊዜ ያውቁ ነበር። ያን ቀን ግን መንገድ ላይ ቆም አሉና፣ «ይኼን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ» አሉኝ። «እኔ አባትሽ ነኝ። በሕይወት አገኘሁሽ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።» ጋቢያቸውን አውርደው አለበሱኝ።

ክሊኒኩ የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ሆነ። ቁስለኛው ይዳን አይዳን አልሰማሁም፤ የሲስተርም ወሬ አልደረሰኝም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በዘመድ ርዳታ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ በዕቃ አጣቢነት ሥራ አገኘሁ። አንድ ቀን የውጭ ሐኪሞች መጡና አለቃዬ፣ «አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ አሉኝ፤ ነይ አስተርጉሚልን» አለኝ።

«ጠፍቶብኛል» አልኩት፤ የማጥበውን ዕቃ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።