የገብረወልድ ጧፍ

በ1985 ዓ.ም. ቦንጋ ገበያ የሚሸጠው ጧፍ ሞራ ነበረበት። ገብረወልድ ይህን ያወቀው በዓቢይ ጾም ነው፤ ኪዳን ቆሞ የያዘው ጧፍ ተንጣጣና የጥብስ ሽታ ሸተተው። ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከቅቤ የራቀ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የከብት ስብ ያነዳል ማለት ነው። ቤቱ እንደ ገባ ለሚስቱ ለበላይነሽ ነገራት።

«ነጋዴው ምን ያድርግ? ጠጅ ጣዩ ሁሉ ማሩን ከነሰፈፉ ነው የሚወስደው» አለችው።

«እንግዲያው እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንተ? ሚስማር ስትመታ አውራ ጣትህን ስተህ የማታውቅ ሰው?»

እውነቷን ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እጁ ከወረቀት ሌላ አያውቅም። አያቱ ከሰሜን የመጡ ወታደር ቢሆኑም እናቱ ግን የማንኪራ መንደር ካፊቾ ነበረች። አጎቱ፣ የእናቱ ወንድም፣ ጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅልባቸው ረጃጅም ዛፎች ነበሩት። ገብረወልድ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ እሱ እየሄደ ተማረ።

ሥራው የሚያስደንቅ ነው። ማሩ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ በውኃ ይፈላል፤ በጨርቅ ይጠለልና እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። በማግስቱ ቆሻሻው ከሥር ዘቅጦ፣ ሰሙ እንደ ቂጣ ረግቶ ከላይ ይገኛል። ጥጡ በእጅ ይፈተላል፣ ይከረራል፤ ለብ ባለው ሰም እየተነከረ በመዳፍ ይድቦለቦላል። ሰሙ ከሞቀ ፈትሉን አይይዝም፤ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ገብረወልድ ይህችን ልክ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀበት። በላይነሽ መጀመሪያ ሳቀችበት፣ በኋላ ፈትሉን ራሷ መፍተል ጀመረች። የሠራው ጧፍ ሲነድ የአበባ ሽታ ነበረው። አንዲቱንም ሳይሸጥ ሁሉንም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር።

አጎቱ ለሚማር ሁሉ የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ተርቦ ዛፍ የሚወጣ የለም። አርባ ክንድ ከፍታ ላይ በሐረግ ታስሮ ቀፎ የሚስብ ሰው ለአፍታ ዓይኑ ከጨለመበት አለቀለት።

በ1992 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም አንድ ዓርብ ቀን ዛፉን የሚወጣው የገብረወልድና የበላይነሽ ልጅ ዮሴፍ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን አባት። በላይነሽ ቆሎ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«ሳይወጣ ይቅመሳት» አለች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት? ጌታ አርባ ቀን ጾሟል» አለ ገብረወልድ።

«ጌታ ዛፍ ላይ የወጣው ጾሙን ከፈታ በኋላ ነው።»

ዮሴፍ ሳቀ፤ አባቱ ግን አልሳቀም። ስምንት ሰዓት ግድም ዮሴፍ ወደቀ። ገብረወልድ ከሥር ገመዱን ይዞ ነበር። አስከሬኑ ሲገነዝ ቆሎው ሳይነካ ከኪሱ ወጣ።

በላይነሽ አልጮኸችበትም። ሐዘንተኛው ሲበተን ብቻ፣ «ልጄ የሞተበት ሰም መቅደስ ውስጥ ይንደድ። እሱ ከነደደ ዝም እላለሁ» አለችው። ቃሏን ጠበቀች። ጠዋት ትፈትላለች፣ እሱ ይነክራል፤ አንድ ማድጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዮሴፍ ሚስት ሌላ አግብታ ሺሺንዳ ስትሄድ ሕፃኗን ሶሲን አያቶቿ አሳደጓት። ረቡዕና ዓርብ እህል በአፉ ሳይዞር የሚውለው ገብረወልድ፣ ጠዋት ጠዋት የልጅቷን ቁርስ በእጁ ያጎርሳታል። ሰባት ዓመት አልፏት፣ አሥር ሞልቷት፣ ጾም አላስያዛትም።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ የልጅ ልጅዎን ጴንጤ ሊያደርጓት ነው?» ይሉታል ጎረቤቶች።

«ትብላ» ይላል።

በ2000 ዓ.ም. የበላይነሽ ጉልበት ከዳትና የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት መውጣት አቃታት። ከዚያ ወዲህ ዜናውን የሚያመጣላት እሱ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ነጠላውን ሳያወልቅ፣ «ዛሬ ወንጌል ሲነበብ የበራው ያንቺ ፈትል ነው» ይላታል። ለውሻ እንኳ ባዶ እጁን ዘርግቶ «ና» የማይል ሰው ነበርና ጠይቃው አታውቅም።

ገብረወልድ ጥር 2007 ዓ.ም. ዐረፈ። ለአርባው ፍትሐት ባጃጅ ተሳፍራ ዳገቱን ወጣች፤ የገዛ ጧፉ እንዲበራለት ፈልጋ ወደ ቄሰ ገበዙ ወደ አባ ዋለ ሄደች። አባ ዋለ ጥቂት አመነቱና ዕቃ ቤቱን ከፈቱላት። ከወለል እስከ ጣሪያ እስር እስር ጧፍ ተደርድሯል። የታችኛውን ዐይጥ በልቶታል።

«ይሄ የዘንድሮው ነው አባ?»

«ከ2002 ጀምሮ ያለው ነው። ሰበካ ጉባኤው ከጅማ በካርቶን የሚመጣውን ሻማ መረጠ። ጧፍ ያጨሳል፣ አዲሱን ቀለም ያጠቁራል ተባለ።»

«ለእሱስ ነገራችሁት?»

«እዚሁ ቆሞ ነው የሰማው። ‹ለበላይነሽ እንዳትነግሯት› አለ። በየወሩ እያመጣ ራሱ ይደረድረዋል። ‹ገብረወልድ፣ ለምን ትደክማለህ?› ብለው፣ ‹ካቆምኩ ምን እላታለሁ?› አለኝ።»

በላይነሽ እስሮቹን በእጇ ዳሰሰች። ፈትሉ የራሷ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ዋሽቷታል፤ እሷም አምስት ዓመት ሙሉ አምናው ዝም ብላለች። ዝም ያለችው ባልነደደ ሰም ላይ እንደ ነበር አሁን ገና ገባት። ከፍትሐቱ በኋላ በዝክሩ ድንኳን ሥር አንድ እንግዳ ስለ ባሏ፣ «ሐሰት ከአፉ ያልወጣ ሰው» ሲል ቀና ብላ አየችው፤ መልሳ ግን አቀረቀረች።

ለሰበካ ጉባኤው ጧፉ ቅዳሴ ላይ ይብራ ብላ አመለከተች፤ በቀለሙ ምክንያት ከለከሏት። በግቢው ውስጥ ግን ማንም ሊከለክላት አልቻለም። ከ2008 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ እሑድ እሑድ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ለሚገባው ታድላለች። አንዳንዱ ይቀበላታል፤ አንዳንዱ፣ «እትዬ፣ የኛ ይነጣል» ብሎ የካርቶኑን እያሳየ ያልፋል።

አሮጌ ሰም ይደርቃል፣ ይሰባበራል፤ እንደ ነበረ አይነድም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧፎቹን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ታለሳልሳለች፤ ዐይጥ የበላውን ጫፍ ቆርጣ ታቀልጥና እንደገና ትነክራለች።

«አያቴ፣ ይሄ እኮ በዕድሜሽ አያልቅም» አለቻት ባለፈው ሶሲ፣ አሁን ኮሌጅ የገባችው።

«አውቃለሁ» አለች በላይነሽ፤ ጣቷን ሰሙ ውስጥ ነክራ ሙቀቱን ለካች። የገብረወልድን ልክ ገና አላገኘችውም፤ ያነሣችው ፈትል ሰሙን ሳይዝ ወጣ። ማድጋውን ከእሳቱ ትንሽ አራቀችና እንደገና ሞከረች።