የጓደኛዬ ወገብ

ሌላው ሰው ከአገሩ ሲወጣ በሌሊት ተደብቆ ነው። እኔ ግን የወጣሁት ሰኞ ረፋድ ላይ፣ በባቲ ገበያ መሃል፣ ሰው እያየኝ ነው። ከከሚሴ ስነሳ ባለቤቴ ዘይነባ በር ላይ ቆማ «ወገብህን ጠብቅ፤ አንተ ሰው ካየህ የማትችለውን ታነሳለህ» አለችኝ። ሳቅሁባት። በጨፋ ሜዳ ኩንታል ማሽላ ብቻዬን አህያ ላይ የምጭን ሰው ነበርኩ፤ ያዩኝ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከባቲ ወደ ቆላው፣ ከዚያ በረሃውን፣ ከዚያ ባሕሩን። ጀልባዋ ላይ ሁሉም አስመለሰው፤ እኔ ከሁሉም መጨረሻ ነኝ።

ጅዳ ገብቼ አትክልት ተራ ሥራ ያዝኩ፤ ከትሬላ ላይ የሽንኩርትና የድንች ጆንያ ማውረድ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አማርኛ ማንበብን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ለቅሜ ነው የተማርኩት። የዓረብኛውን ፊደል ከቁርአን አውቀው ነበር፤ የገበያውን ቋንቋ ግን ከጆንያ ላይ አነበብኩት። መጀመሪያ የያዝኩት ቃል «በሰል» ነው፣ ሽንኩርት ማለት ነው። የዚህ አገር ሽንኩርት ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ዓይን ግን አያስለቅስም። የአገሬን የቦርከና ሽንኩርት ለለመደ ሰው ይህ ምኑም ሽንኩርት አይደለም።

ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ ጭኔ በኩል እስከ ተረከዜ ይወርዳል፣ እንደ ጋለ ሽቦ። ከያዘኝ ስንት ዓመቱ ነው። ክፉዎቹ የመጀመሪያዎቹ አሥር ጆንያዎች ናቸው፤ ገላ ሲሞቅ ይደነዝዛል፣ ማታ ደግሞ የቀኑን ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። እኔም ዘዴ ፈጠርኩለት። ሽርጤን አራት እጥፍ አድርጌ ወገቤን አስራለሁ። ጎንበስ ብዬ አላነሳም፤ ጆንያው ከመኪናው ጫፍ ወደ ትከሻዬ ይንሸራተታል። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ መጀመሪያ በጎኔ፣ ከዚያ በጉልበቴ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዤ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

በቅርቡ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፣ የወገቤን ራጅ ወደ መብራት ከፍ አድርጎ እያየ «ዕድሜህ ስንት ነው?» አለኝ።

«ሃምሳ አምስት።»

«ጀርባህ ሰባ ይላል።»

«ጀርባዬ ፊደል አልቆጠረም፤ እኔን እመን» አልኩት።

አልሳቀም። «ሸክም ካልተውክ ይህ እግር አንድ ቀን አልታዘዝም ይልሃል» ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ።

እንዴት ልተው? አለቃችን ሳሊም የሚባል የመናዊ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ያያል። መስጊድ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰገደ ተሸካሚ ማግስቱን ትሬላ አይመደብለትም። ሥራ ያጣ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቱ አይታደስለትም። ስለዚህ ወንበሩን አልነካሁም፤ ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ደፍቼ እሰግዳለሁ። አንድ ቀን በከሰዓቱ የዐስር ሶላት፣ ሱጁድ ላይ ግንባሬን እንደደፋሁ መነሳት አቃተኝ። ሰው ሁሉ ጨርሶ ወጣ። ሳሊም ጫማውን ይዞ አጠገቤ ቆመ።

«ምነው ሽማግሌው፣ ረዘመብህ?»

«ኃጢአቴ ብዙ ነው።»

«እንግዲያው የእኔንም ጨምርበት» ብሎኝ ሄደ።

እቤት ግን ይህን የሚያውቅ የለም። አለቃ ሆኛለሁ፣ ተቀምጬ አዛለሁ ብያቸዋለሁ። ኮት ተውሼ፣ ሳሊም በሌለበት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነስቼ ልኬላቸዋለሁ። ከሚሴ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሁን እግሬ ሳይከዳኝ አገሬ ልግባ ብል፣ ተቀምጦ የሚያዝ ሰው ምን ሆኖ መጣ ይባላል?

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ዘይነባ ደወለች። ቤታችን ወዳጃ ተቀምጠው ነበር። እዚህ ጅዳ ለተወለዱ የአገሬ ልጆች ልንገር፦ ወዳጃ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው፣ ጉዳይ ያለውም ጉዳዩን ሰው ፊት አፍ አውጥቶ ይናገራል። ያልተናገሩት ላይ አሚን አይባልም። ዘይነባ የስልኩን ድምፅ ከፍታ መሃል አስቀመጠችው። ዱዓ የሚመሩት ሼህ ከድር ናቸው።

«አካም ጂርታ?» አሉኝ በኦሮምኛ፣ እንዴት ነህ ሲሉ።

«ነጋ፣ ሰላም ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጀመዓው አንተን እየጠበቀ ነው። ጉዳይህን ተናገር።»

የሰዉ ትንፋሽ ይሰማኛል። ያን ኩንታል ስጭን ያዩኝ ሰዎች ናቸው።

«አንድ ጓደኛ አለኝ» አልኩ። «ተሸካሚ ነው። ወገቡ ታሟል። ሐኪም ተው ብሎታል። አገሬ ልግባ ይላል፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል።»

«ስሙ ማን ይባላል?» አሉ ሼህ ከድር። «ዱዓው በስሙ ይሁን።»

እኔ፣ መልስ አጥቼ የማላውቀው ሰው፣ ስልኩን ከአፌ አራቅሁ።

«አላህ ያውቀዋል ሼሆቼ» አለች ዘይነባ። «ስሙ ይቅር።»

«እሺ። ወገቡን ያጽናለት።»

«አሚን።»

«በሰላም ለቤቱ ያብቃው።»

«አሚን» አለ ቤቱ ሁሉ። እኔም አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ዘይነባ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ለዚያ ጓደኛህ ንገረው» አለችኝ። «ሚስቱ ፎቶውን ስታይ ወንበሩን አይደለም ያየችው በለው። ከኮቱ ሥር ሽርጡ አራት እጥፍ ታስሯል። ተቀምጦ የሚያዝ ሰው ወገቡን እንዲያ አያስርም።»

እጄን ሽርጤ ቋጠሮ ላይ አደረግሁ።

«አብሽር በለው። የአልጋውን እግር በጡብ ከፍ አድርጋዋለች፣ ከዝቅታ መነሳት እንዳይከብደው። ንገረው፣ እሺ?»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ይኸው ሳምንት ሊሞላው ነው። በየማለዳው ግድግዳውን ይዤ ስነሳ አገኘዋለሁ፤ እስካሁን ግን አልነገርኩትም።