ቀዩን በቆሎ የሸሸግሁ ጨዋ ልጅ

ሜልቦርን፣ ማሪቢርኖንግ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ባለቤት ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ናቸው። በገባሁ ሰሞን ጓሯቸውን እያሳዩኝ «አንተ የገበሬ ልጅ ነህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። አባቴ ወሎ ገጠር መወለዱ እውነት ነው፤ እኔ ግን ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ በቆሎን የማውቀው መንገድ ዳር ተጠብሶ ሲሸጥ ብቻ ነው።

በዚያች ውሸት የተነሳ ቅዳሜ ቅዳሜ አፈር ስቆፍር ከረምኩ። ሽማግሌው ከጎኔ ወንበር ስበው ስለ መንደራቸው ያወሩኛል። ቤተ ክርስቲያኗን ከበው የሚኖሩ ጥቂት ገበሬዎች፣ ድንጋያማ ማሳ፣ አንዲት ምንጭ። ከምንጯ ማሳ የሚጠጣው በተራ ነው። አንድ በጋ ታናሽ ወንድማቸው በሽማግሌው ተራ ውሃውን ወደ ገዛ ማሳቸው መለሱት፤ የሽማግሌው በቆሎ ደረቀ። ሁለቱም ሜልቦርን መጥተው፣ በአንድ ትራም መስመር ላይ እየኖሩ፣ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። «በበቆሎ የተነሳ?» ብዬ ሳቅሁ። ሽማግሌው አልሳቁም። የገበሬ ልጅነቴን መጠራጠር የጀመሩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ዘንድሮ በቆሎው ሲደርስ፣ እሁድ ከሰዓት፣ እንደ አገራቸው ወግ የበቆሎውን የቅጠል ልባስ አብሮ ለመላጥ ዘመድና ጎረቤት ጠሩ። ወንድምየውንም ልጆቻቸው ይዘዋቸው መጡ። ከሽማግሌው ፊት ለፊት፣ ግን ራቅ ብለው ተቀመጡ። ክምሩን ከበን መላጥ ጀመርን።

ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። ከዚያ እኔ እጅ ላይ አንዱ ደም መስሎ ቀልቶ ወጣ። በሽታ የመታው መሰለኝና ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ እንግዳ ጠርተው ሽማግሌው ይዋረዱ? ይሉኝታዬ አላስችል አለኝ፤ ማንም ሳያየኝ ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። እንዴት ያለሁ ጨዋ ልጅ ነኝ ብዬም በራሴ ኮራሁ።

ክምሩ ባነሰ ቁጥር የሽማግሌው ፊት ይጠቁር ጀመር። አጠገቤ የሚልጡትን ባለቤታቸውን፣ ሽማግሌው ምን እንደሆኑ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው።

«ቀይ በቆሎ የደረሰው ሰው የተሰበሰበውን ሁሉ ያቅፋል። አልታቀፍም ማለት ነውር ነው» አሉኝ። «ቀይ ዘር ፈልጎ የዘራው ለዚህ ነው። ወንድሙ በጠና ታሟል። ባሌ በሌላ መንገድ ታረቀኝ ማለት አይችልበትም።»

በቆሎው ደረቴ ላይ ይቆረቁረኛል። አውጥቼ ባሳይ አቃፊው እኔ ልሆን ነው። የወዳደቀ ልባስ ጠቀለልኩበትና፣ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ ብዬ ወደ ሽማግሌው እግር አንከባለልኩት። ኳስም ችዬ አላውቅም፤ በቆሎው ታጥፎ ሄደና ወንድምየው እግር ሥር ቆመ።

አንስተው ላጡት። ግቢው በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። ወንድምየው እየተንቀጠቀጡ ተነሡና ሰውን በተራ ማቀፍ ጀመሩ፤ እኔንም አቀፉኝ። ሽማግሌው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። በቆሎውን አገላብጠው አዩና በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ። የሽማግሌው ባለቤት ጆሮዬ ላይ ተረጎሙልኝ፤

«ውሃ በደንብ ጠጥቷል።»

«ዘንድሮ ተራዬን የወሰደብኝ የለማ» አሉ ሽማግሌው።

ማን ቀድሞ እንዳቀፈ አላየሁም፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር።