ልጄ ለሽማግሌው መልስ የሰጠች ጊዜ

የመጨረሻዋ ልጄ ከሚሴ ከተማ ቤታችን ተቀምጣ ከርነል ላይ ትሠራለች። ከርነል ኮምፒውተሩን ከነዲስኩ የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም ነው። ሥራው የብዙ አገር ሰዎች በኢንተርኔት የሚተባበሩበት ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይመረምራል፣ ኃላፊው ካልተቀበለው አይገባም።

አንድ ጊዜ የያዘችው ሥራ አንድ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት፣ መረጃ የሚነበብበትን መንገድ መለወጥ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ፋይል በትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ ነው ዲስክ ላይ የሚቀመጠው፤ ቁራጩ ብሎክ ይባላል። አሮጌው አሠራር እያንዳንዱን ብሎክ የት እንዳለ ለየብቻ ይጠይቃል። ልክ እንደ ጨፋ ሮቢት ሰዎች ሰላምታ። ልጆቹ ደኅና? ከብቱ ደኅና? ቡቃያው ደኅና?»

«እና አንቺ ሰላምታውን ልታስቀሪ ነው?»

«አላስቀርም። ጎን ለጎን የተቀመጡትን ባንድ ጥያቄ አነሣቸዋለሁ።»

ወራት ለፍታ ላከችው። የዚያ ክፍል ኃላፊ፣ ሩቅ አገር ያለ ሽማግሌ፣ «ፋይሉ ተበጣጥሶ ከተቀመጠ ይሄ ኮድ የሌላውን ፋይል ብሎክ አያነብም ወይ?» ብሎ ጻፈላት። እሷም ላፕቶፑን ከድና ልብስ ማጠብ ጀመረች። በማግስቱም አልከፈተችውም።

«ሰውየው ልክ ነው?» አልኳት።

«አይደለም። ብሎኮቹ የሚቋረጡበት ቦታ ላይ ኮዱ ይቆማል፤ ፈትኜዋለሁ። ያቺን መስመር አላያትም።»

«ታዲያ ንገሪዋ።»

«ትልቅ ሰው ነው እማዬ። አላየህም ልበለው?»

እኛ ጋ ልጅ ለትልቅ ሰው ቃል አይመልስም። አንገቱን ይደፋል፤ ትልቁ ሰውም ፊቱን አይቶ ነገሩ ይገባዋል። ያሳደግኋትም እንዲሁ ነው። ያ ሰው ግን ፊቷን የት ያየዋል?

«ዝም ስትዪ ምን ይላል?»

«ሥራውን ትታዋለች ብሎ ይዘጋዋል።»

«ትልቅ መሆኑንስ በምን አወቅሽ?»

«ፎቶውን አይቻለሁ። ጺሙ ነጭ ነው።»

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ባቲ ገበያ ብትወጪ ጺም ያለው ፍየልም ሞልቷል።»

«አስተግፊሩላህ፣ እማዬ» አለችና ሳቀች።

«ሰውየው አልተቆጣሽም እኮ፣ ጠየቀሽ። የጠየቀን ትልቅ ሰው ያለመልስ ማስቀመጥ ነው ነውሩ።»

እጇን አደራርቃ ገባች። ስትጽፍ፣ ስታጠፋ፣ ደግማ ስትጽፍ ቆየች። መስመሯን አሳይታው፣ ኮዱን የፈተነችበትን ውጤት አያይዛ ላከችለት።

መልሱ ሲመጣ ማሽላ እየለቀምኩ ነበር። ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፦ «መስመሯ አምልጣኝ ነበር። ልክ ነሽ። ተቀብዬዋለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩና መልቀሜን ቀጠልኩ። እሷ ግን ቶሎ አልሄደችም፤ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ እኔም ሰፌዱን ወደ እሷ ጠጋ አደረግሁላት።

ድሮ ልጅሽ ምን ትሠራለች ስባል «ኮምፒውተር» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ብሎክ ምን እንደሆነ ጀምሬ፣ ከርነሉ ያን ፋይል ሲስተም የሚያነበው እሷ በጻፈችው መንገድ እንደሆነ እስከ መጨረሻው እነግራለሁ። የቸኮለ ካለ ይሂድ።